ልጃችሁ ለጂምናስቲክ ቡድን ከተመረጠች፦ ከመፈረማችሁ በፊት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ጂምናስቲክ የሚያስመዘግቡ የሀበሻ ወላጆች እየበዙ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ "ልጄን ለቡድን መረጧት፤ ምን ይሻለኛል?" ብሎ የሚጠይቀኝ አላጣም። አሠልጣኝ አይደለሁም። እኔ ራሴ የተገለበጥሁት በልጅነቴ ሣር ላይ ነበር፤ እሱም ወንድሜ ገፍቶኝ። ሆኖም ትልቋ ልጃችን ከመዝናኛ ክፍል ወደ ተወዳዳሪ ቡድን ስትሻገር፣ በኋላም ማሠልጠኛ ስንቀይር፣ ማንም አስቀድሞ ያልነገረን ብዙ ነገር ገጥሞናል። ቆሜ የምነግረው ሁልጊዜ ስለሚጎድል በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። የማውቀው አሜሪካ ውስጥ ያለውን የሴት ልጆች ጂምናስቲክ ነው፤ ሌላ አገር ያላችሁ የደረጃዎቹን ስም ትታችሁ የቀረውን ውሰዱ።

ልጃችን የጀመረችው በስድስት ዓመቷ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ያስመዘገብናትም ሶፋችን ላይ እየዘለለች ስላስቸገረችን ነበር። ዓመት ሳይሞላት አሠልጣኟ ዘንግ ላይ ተንጠልጥላ እግሮቿን ስታነሣ አይታ ለብቻዋ ወስዳ ሞከረቻት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለቡድን መሰናዶ ክፍል መመረጧን የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጠን። የደስታችን ነገር አይወራም። ባለቤቴ ገና መኪናው ሳይነሣ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ደወለች። አማቴ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ "ከትምህርቷ አያስተጓጉላትም? ማንስ ያመላልሳታል?" አሉ። በዚያ ቀን ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገር የነበራቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እኛ ግን "እንዴ እማዬ፣ ተመርጣ እኮ ነው!" ብለን አለፍናቸው።

ምርጫው የውሸት አይደለም። ልጅቷ ጉልበት ስላላት፣ ሰውነቷ ስለሚታዘዝላትና የሚነገራትን ስለምትሰማ ነው የተጠራችው። ይሁንና ማሠልጠኛው የንግድ ድርጅትም መሆኑን አትርሱ። በሳምንት ለአንድ ሰዓት የሚከፈልላት ልጅና ለዘጠኝ ሰዓት የሚከፈልላት ልጅ ለሒሳብ ክፍሉ እኩል አይደሉም። ይህን የምለው ደብዳቤው "በዚህ ሳምንት ካላሳወቃችሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል" ሲል እንዳትደነግጡ ነው። ብዙ ወላጅ የሚጣደፈው "ይመሽባታል" በሚል ስጋት ነው። የኦሊምፒክ አሸናፊዋ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ ከመዋያዋ ልጆች ጋር ለጉብኝት ሄዳ ጂምናስቲክ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው በስድስት ዓመቷ ነው። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ አንድ ወር ማሰብ ምንም አያስቀርባትም።

ከመወሰናችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ትልቁ ነገር ወደ ውድድር የሚወስደው መንገድ ሁለት መሆኑ ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ናቸው፤ አንደኛው የልማት ፕሮግራም ይባላል፤ ከ1 እስከ 10 ደረጃዎች አሉት። እስከ ደረጃ 5 ድረስ ሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ሙዚቃ ላይ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ይሠራሉ፤ ከደረጃ 6 ጀምሮ እያንዳንዷ የራሷ ይሠራላታል። ሁለተኛው ኤክሴል ይባላል፤ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ዳይመንድና ሳፋየር እያለ ይወጣል። ኤክሴል ላይ ልጅቷ የምትችለውን መርጣ የምትሠራበት ሰፊ ነፃነት አለ፤ የልምምድ ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ውድድር ናቸው፤ በሁለቱም ዝላይ፣ ከፍና ዝቅ ያሉት ዘንጎች፣ ቢም የሚባለው ጠባብ አግዳሚና የወለል እንቅስቃሴ አሉ። ለእኛ የቀረበልን የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነበር። ሌላ እንዳለ ስላላወቅን አልጠየቅንም፤ ማንም አልነገረንም።

ገንዘቡን ላንሣ። ወርሃዊው ክፍያ ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የፌዴሬሽኑ ዓመታዊ አባልነት፣ ሊዮታርድ የሚባለው ገላ ላይ ልክክ የሚል የውድድር ልብስ፣ የቡድን ቱታና ቦርሳ፣ ለእያንዳንዱ ውድድር መመዝገቢያ፣ ከአሠልጣኞች የጉዞና የቀን ወጪ የሚደርስባችሁ ድርሻ፣ ውድድሩ ከከተማ ውጪ ከሆነ ሆቴል፣ ለወላጆች ማኅበር መዋጮ ይከተላል። ውድድር ለማየት ለወላጅም መግቢያ ይከፈላል። የሚያብለጨልጨው ሊዮታርድ ብቻውን ለሠርጌ ከገዛሁት ሱፍ ይበልጥ ነበር። አማቴ በቪዲዮ አይተውት "ቀሪው ጨርቅስ?" አሉ። ስለዚህ "ወርሃዊው ስንት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "ባለፈው ዓመት በዚህ ደረጃ የነበረች አንዲት ልጅ ከመስከረም እስከ ነሐሴ በጠቅላላው ስንት ከፈለች?" በሉ። መልሱን በጽሑፍ የማይሰጥ ማሠልጠኛ ራሱ መልስ ሰጥቷችኋል። የወላጆች ማኅበሩ ውድድር ሲያዘጋጅ ምግብ በመሸጥና ወንበር በመደርደር ከመዋጮው የሚቀንስላችሁ ከሆነም ጠይቁ። እኛ ሳምቡሳ አቅርበን ከፒዛው ቀድሞ አለቀ።

ውሉን በተመለከተ፣ ቡድን ማለት የዓመት ግዴታ ነው። ልጅቷ በታኅሣሥ "በቃኝ" ብትል የውድድር መመዝገቢያው አይመለስም፤ ለመልቀቅም አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቃል። የመልቀቂያውን አንቀጽ ከሌላው ሁሉ በፊት አንብቡት።

የመጀመሪያው ማሠልጠኛ ሜዳሊያ የሞላበት ነበር። ልምምዱ ቶሎ ወደ ሳምንት ሦስት ምሽት ወጣ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ ነበረች፤ እኔ ከሥራ በቀጥታ ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በመጨናነቁ ሰዓት እየተጋፋሁ አደርሳታለሁ፤ እራቷን መኪና ውስጥ ትበላለች፤ የቤት ሥራዋን መኪና ውስጥ ትሠራለች፤ ታናሽ ወንድሟ መኪና ውስጥ ይተኛል። የአማቴ ሁለተኛው ጥያቄ በየምሽቱ ትዝ ይለኝ ነበር። ከሁለት የቡድኑ ወላጆች ጋር ማመላለሱን በተራ እስክንካፈል ድረስ ቤታችን ቤት አልነበረም። ይህን ዝግጅት ከመጀመሪያው ሳምንት አድርጉት፤ "እንዴት እጠይቃለሁ?" ብላችሁ አትፈሩ፤ ሌሎቹም እናንተ እስክትጠይቁ እየጠበቁ ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ የከበደን ሌላ ነበር። የመዝናኛው ክፍል ወላጅ በመስታወት የሚያየው ነበር፤ የቡድኑ ልምምድ ግን መጋረጃ ተጋርዶ ነው የሚካሄደው፤ "ልጆቹ ትኩረታቸው እንዳይበተን" ተባልን። ከቢም የወደቀች ልጅ በቅጣት ገመድ ትወጣለች ወይም ፑሽ አፕ ትሠራለች። ልጃችን ከልምምድ በፊት ሆዷን ያማት ጀመር። እኛ ደግሞ መምህር ቢመታን አባታችን እቤት የሚጨምርልን ልጆች ነበርን። አሠልጣኝ ሲቆጣ "ለበጎ ነው" ማለት ከአጥንታችን የተዋሐደ ነው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ለመጠየቅ ስትነሣ እኔ ነኝ "ተይ፣ ልጅቷን ይጠምዱብናል" ያልኋት።

ነገሩን የለወጠው ተረከዟ ነው። ጠዋት ስትነሣ ታነክስ ነበር፤ ለእኛ "ጫማዬ ጠቦኝ ነው" አለችን። ዘግይቶ እንደተገለጸልን ሕመሙን የደበቀችው ቡድኑ ውስጥ "ያመኛል" ያለች ልጅ ሰነፍ ስለምትባል ነው። ሐኪሟ ተጭና ባየቻት ጊዜ ዘለለች። በሚያድጉ ልጆች ተረከዝ ላይ የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል በሩጫና በዝላይ ብዛት ሲቆጣ የሚመጣ፣ በጂምናስቲክ ልጆች ዘንድ የተለመደ ሕመም ነው አለች፤ ዕረፍት ካገኘ የሚድን። ለጥቂት ሳምንታት ዝላይ የሚከለክል ወረቀት ጻፈችልን። አሠልጣኙ ወረቀቱን አንብቦ "ሁሉም ልጆች ተረከዛቸውን ያማቸዋል" ብሎ መለሰልኝና በዚያው ምሽት አዘለላት። ይህን የሰማሁት ከልጄ ሳይሆን አብራት ከምትመላለሰው ልጅ ነው።

በሚቀጥለው ጠዋት የመልቀቂያውን ደብዳቤ ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ ያለብኝን ያነበብሁት። የላሪ ናሳርን ጉዳይ ስሙን ሰምታችሁት ይሆናል፤ የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም የነበረና በሕክምና ስም ልጃገረዶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸሙ በጥር 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሰው ነው። ፍርድ ቤት ቀርበው ቃላቸውን የሰጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ከ150 በላይ ነበሩ። ከሁሉ የከበደኝ አንዳንዶቹ የተጎዱት እናት ወይም አባታቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ መሆኑ ነው። ወላጆቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ሰውዬውን ማክበር የለመዱ ነበሩ። እንደ እኛው።

ስለዚህ እነዚህን ዕወቁ። ሴፍ ስፖርት የሚባለው፣ ስፖርተኞችን ከጥቃት የሚጠብቀው የአሜሪካ ማዕከል በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ ጀምሯል፤ በፌዴሬሽኑ ሥር ያሉ ማሠልጠኛዎች ሁሉ ደንቡን የመከተል ግዴታ አለባቸው። አሠልጣኝ ከልጅ ጋር ለብቻው ሲሆን ሌላ ሰው ሊያየውና ሊያቋርጠው በሚችልበት ቦታ መሆን አለበት። ለልጅ በስልክ መልእክት ሲጽፍ ወላጅ ወይም ሌላ ኃላፊነት ያለበት ትልቅ ሰው አብሮ ሊደርሰው ይገባል። የታገዱና የተቀጡ አሠልጣኞች ስም በማዕከሉ ድረ ገጽ በነፃ ይፈለጋል፤ ልጃችሁን የሚነካትን እያንዳንዱን ትልቅ ሰው ስም አስገብታችሁ ፈልጉ። ይህን ስታደርጉ ማንንም አልሰደባችሁም። እኔ አዲሱ ማሠልጠኛ ስንሄድ ባለቤቲቱን ፊት ለፊት "ስማችሁን ፈልጌአለሁ" አልኋት፤ "ሁሉም ወላጅ ቢያደርገው" ብላ ሣቀች።

ማሠልጠኛ ስትቀይሩ ልጃችሁ እንደገና ትፈተናለች፤ ብዙ ጊዜም ከነበረችበት ዝቅ ብላ ትመደባለች። ልጃችን ኪፕ የሚባለውን ገና አልያዘችም ነበር። ዘንጉን ይዞ ወደ ፊት ተወዛውዞ፣ እግርን ወደ ዘንጉ አምጥቶ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ስታዩት ቀላል ይመስላል። ደረጃ 4 ላይ ስለሚጠየቅ ስንት ልጅ እዚህ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በወራት የሚይዙት አሉ፤ ዓመት የሚፈጅባቸውም አሉ፤ ያውም የፈጀባቸው ኋላ ከቀደሙት የሚሻሉበት ጊዜ ብዙ ነው። አዲሲቷ አሠልጣኝ ሁለት ሳምንት አይታት "በሳምንት ሁለት ቀን ኤክሴል ሲልቨር ትሞክር" አለችን። ባለቤቴ ደስ አላት። እኔ ግን ዝቅ የተደረግን መስሎኝ ተከፋሁ፤ ለሳምንታት ለጓደኞቼ አልተናገርሁም። ይህ የእኔ ቅስም እንጂ የልጄ አልነበረም። እሷ የሰማችው "ሁለት ቀን" የሚለውንና ማክሰኞ ማታ እቤት እራት እንደምትበላ ብቻ ነው። የሆድ ሕመሙ በዚያው ቀረ።

"ታዲያ የዩኒቨርሲቲ ነፃ ትምህርት ዕድሉስ?" የሚሉኝ አሉ። በኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ሥር የሚወዳደር የሴቶች ጂምናስቲክ ቡድን ያላቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መቶ አይሞሉም። ለቡድን የምትከፍሉትን በየወሩ ለትምህርቷ ብታስቀምጡት የበለጠ የተረጋገጠ መንገድ ነው። ልጃችሁን ቡድን የምታስገቡት ስለምትወደው ይሁን።

ከእኛ ሕይወት ጋር የሚጋጩትን ነገሮች ማንም ፈረንጅ ወላጅ ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። የውድድሩ ወቅት ባብዛኛው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ይህ ደግሞ ጥምቀትን፣ ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናትና ፋሲካን ይዞ ይሄዳል። ውድድሮች የሚደረጉት ከዓርብ እስከ እሑድ ሲሆን የልጃችሁ ሰዓት የሚታወቀው ቀኑ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ በመስከረም ላይ የበዓላቱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋችሁ ለማሠልጠኛው ስጡ። የእኛዋ አሠልጣኝ ፋሲካችን ከእነሱ ኢስተር ጋር የሚለያይበት ዓመት እንዳለ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ከነገርናት በኋላ ግን የስቅለትን ቀን እሷው ታስታውሰናለች።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታችንን አማከርን። ዕድሜዋንና ድካሟን ጠይቀው፣ ሰዓት ሳትጠብቅ እንድትበላ፣ የሐኪሟንም ምክር እንድንከተል አዘዙን። ባለቤቴ ከልምምድ በፊት ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ፣ በኋላ ደግሞ የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦና ሙዝ ታዘጋጅላታለች። አጥንቷ ገና እያደገ ያለ ልጅ ባዶ ሆዷን ዘንግ ላይ አትሰቀልም። እንዲሁም "ክብደት ቀንሺ" የሚል አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ሁለተኛ ዕድል አትስጡት።

ማተብ ሌላው ጉዳይ ነው። አንገት ላይ የታሰረ ክር ዘንግ ላይ አደጋ አለው፤ በውድድርም ከአንድ ጥንድ ትንንሽ ሎቲ በቀር ጌጥ አይፈቀድም። ካህኑን ጠይቀን ለዚያ ሰዓት ብቻ አውልቃ በትንሽ ቦርሳ እንድታስቀምጠው ተስማማን፤ እናንተም የራሳችሁን አባት ጠይቁ። ለፀጉር ግን እኛ የታደልን ነን። ሌሎቹ እናቶች ከሌሊቱ ጀምሮ በጄልና በስፕሬይ ሲታገሉ፣ የልጃችን ሹሩባ ሳምንቱን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ጨሌ ብቻ አትጨምሩበት፤ ተፈትቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ሌላዋ ልጅ ትረግጠዋለች።

ክረምቱም አለ። ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ አያት የሚጠየቅበት ነው፤ ለእነሱ አዲስ ክህሎት የሚማሩበት። አዲስ አበባ ከመሄዳችን በፊት አሠልጣኟን ስንነግራት የአሥር ደቂቃ የሆድና የትከሻ ማጠናከሪያ ጽፋ ሰጠችንና "መገልበጥ የለም፣ አያቷን ሰላም በሉልኝ" አለች። ስትመለስ አንዳንዱን ክህሎት ረስታ ነበር፤ በጥቅምት ሁሉም ተመለሰ። ዕረፍት ሄዳ ስለመጣች ልጅን የሚያኮርፍ ማሠልጠኛ ካያችሁ ከዚያ በላይ መረጃ አትፈልጉ።

በመጨረሻው ወቅት ጎልድ ገባች፤ የወለሉን እንቅስቃሴ የራሷ ሙዚቃ ላይ ሠሩላት። ግጥም ያለው ዜማ አይፈቀድም። ክራርና ማሲንቆ ያለበትን መረጠች፤ አሠልጣኟም እስክስታን ከስልክ አይታ መካከል ላይ ትከሻ አስገባችላት። ዳኞቹ ምን እንዳሉት እንጃ፤ ከመቀመጫው የነበሩት ሀበሾች፣ እኛና አንድ የማናውቀው የጥበቃ ሠራተኛ፣ እልል ብለናል።

ስለ ነጥብ አጭር ነገር ልበል። ቁጥሩ ከ10 ተነሥቶ ይቀነሳል፤ ጉልበት ሲታጠፍ፣ ጣት ሳይዘረጋ ሲቀር ጥቂት በጥቂት፣ ስትወድቅ ግማሽ ነጥብ። ቢሙ አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ከሃያ አምስት ከፍታ አለው፤ ሁሉም ይወድቃል። እኔ በስልኬ የጓደኞቿን ነጥብ ስደምር ባለቤቴ አይታ ስልኩን ወሰደችብኝ፤ ደግ አደረገች። ወደ ቤት ስትመለሱ መኪና ውስጥ ስለ ውድድሩ እሷ ካላነሣች አታንሡ። የሚበላ ነገር ያዙ፤ ሙዚቃውን እሷ ትምረጥ። አንድ ክህሎት ድንገት ቢያስፈራትም አታስገድዷት። ባይልስ በቶኪዮ ኦሊምፒክ አየር ላይ አቅጣጫዋ ሲጠፋባት ከቡድን ፍጻሜው ወጥታለች፤ የዓለም ምርጧ ማቆም ከቻለች የዘጠኝ ዓመት ልጅም ትችላለች። ወደ ቀላሉ መልሶ ቀስ በቀስ የሚያወጣት አሠልጣኝ ይበቃታል።

አሁን ታናሽ ወንድሟ ተራው ደርሷል። የወንዶቹ መሣሪያ ስድስት ነው፤ ቀለበቱን አይቶ ሌላ ነገር አይታየውም። ባለፈው ሳምንት እሱንም ለቡድን መሰናዶ ጠሩት። ደብዳቤውን ተቀብዬ የራሴን ሰጠኋቸው፤ አንድ ገጽ ነው። ልምምዱን ማየት እንችላለን ወይ? ልጅ ሲያመው ማን ይወስናል? ከወደቀ ምን ይደረጋል? ዓመቱን በሙሉ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ሰዓቱ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስንት ይወጣል? ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድመን እናሳውቅ? ከባለፈው ዓመት ቡድን ስንቱ ልጆች አሁንም አሉ፣ የሄዱትስ ለምን ሄዱ? የመጨረሻው ላይ ብዙ ማሠልጠኛ ይንተባተባል፤ በተለይ እሱን ሳትጠይቁ አትውጡ። መልሳቸው እስኪመጣ ልጁ በሳምንት አንድ ሰዓቱን ይቀጥላል። አማቴ ሲነገራቸው "እሱንስ ማን ያመላልሰዋል?" አሉ፤ በዚህ ጊዜ መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። ማክሰኞ እኔ፣ ሐሙስ የጎረቤታችን እናት።